ቅናሽና ቅናት

ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የተሰበረ መነጽሬን በኪሴ ይዤ ወደ መነጽር ሠሪው ስሄድ ከመብራት ፖል ጀርባ ጃንጥላ ዘርግቶ የቆመ ሰው አየሁ። ዝናብ አልነበረም፤ ፀሐዩም ጃንጥላ የሚያስይዝ አልነበረም። ማንነቱን ለመለየት ቀረብ ስል «እባክህ ዘወር በል፣ ጋረድከኝ» አለኝ። በድምፁ አወቅሁት። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲሸጥ የኖረ ወዳጄ ነው።

ምን እንደሚያይ ብጠይቀው በአገጩ ወደ ማዶ ጠቆመኝ። ከመንገዱ ማዶ ትልልቅ መስተዋት ያለው ሱቅ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ አንድ ሰው እንደገባበትና አብዛኛው ካርቶን ታቅፎ እንደወጣ ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ የራሱ ሱቅ ከጀርባችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ የሚያስተናግዳት ሰው ብታጣ ሰዓቷን አይታ ሄደች። ወዳጄ አላያትም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገር። የማዶውን ሱቅ የከፈተው ሰው ወዳጄ ጋ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀጥሮ የሠራ ነው። ብየዳውን ያስተማረው፣ በሠርጉ ቀን በገዛ መኪናው የነዳለት ወዳጄ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በወግ ፈቃድ ጠይቆ ወጣና ከፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጄ ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ «ማዶኛው» ነው የሚለው። ማዶኛው የጌም ማሽን መሸጥ ጀመረ፤ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ፣ ጆይስቲክ በእጅ ይዘው ኳስም ሆነ የመኪና እሽቅድምድም የሚጫወቱበትን ጥቁሩን ሳጥን። ቀናው። ወዳጄ ይህን ሲያይ ሆዱ ተቃጠለና የጥቁሩ ተፎካካሪ የሆነውን ነጩን ማሽን ከሌላ ፋብሪካ አስመጣ። ዕቃውን ወዶት ሳይሆን ጥቁሩን ጠልቶ ነው ያመጣው። ነጩ በየአገሩ ገበያ አልቀናውም ሲባል ሰምቶ ነበር፤ ምክር ግን በቅናት ጆሮ አይገባም።

ሱቁ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ነጫጭ ካርቶኖች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረው አየሁ። የሟች እህቱ ልጅ ከመጋዘን ተመልሳ ወንበር ሰጠችኝ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። እኔም አስተምሬያታለሁ፤ ከዚያ ንግድ ትምህርት ቤት ገብታ በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ሁለት ዓመት ሆኗት እሱው ጋ ትሠራለች። ወዳጄ ምክር ሲጠይቀኝ ሳልጠራጠር ዋጋ ቀንስ አልኩት። ልጅቱ ሳትጠየቅ መናገሯን ይቅርታ ብላ፣ ሰው ዕቃውን ያልገዛው ስለተወደደበት እንዳልሆነ በትሕትና ተናገረች። እኔም የሽማግሌ ፈገግታ ፈገግ አልኩላትና ምክሬን ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው ያ ፈገግታ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ የዋጋው ሲሶ ተቆርጦ በቀይ ቀለም ተጽፎ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ። በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰው ገዛ። ወዳጄ ስልክ ደውሎ በደስታ ነገረኝ። በአራተኛው ቀን አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ መጣች። ከሦስት ሳምንት በፊት በሙሉ ዋጋ የገዛች ናት። አልጮኸችም፤ ማስታወቂያውን አንብባ «ለካ ቂል ነኝ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የገባው ሰው ሁሉ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ መቼ ደግሞ እንደሚቀነስ እየጠየቀ ይሄዳል። አንዳንዱ ጭራሽ ዕቃው ምን ነክቶት ነው የረከሰው እያለ መጠርጠር ጀመረ። ማዶኛው በበኩሉ ከዋጋው አንዲት ሳንቲም አልነካም። ወዳጄን ከሁሉ ያንገበገበው ይህ ነው። ማዶኛውም ቢቀንስ ኖሮ ወዳጄ መደንገጡን አይቶ ደስ ይለው ነበር፤ እንዳላየ መሆኑ ግን አንጀቱን አሳረረው።

ሁለተኛው ምክርም የእኔው ነው። ሰው ምራቂ ይወዳልና ጨምርበት አልኩት። አንድ ማሽን ከሁለት ጌም፣ ከጆሮ ማዳመጫና ከቦርሳ ጋር ታስሮ በጥቅል ዋጋ ቀረበ። ጌሞቹ ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያ ያልወረዱ ናቸው፤ አንዱ ባቡር መንዳት ነው፣ ሌላው ቼዝ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ለሁለት ልጆቹ ገዝቶ ሄደ። በማግስቱ ቦርሳውን፣ ማዳመጫውን፣ ሁሉንም እንደታሰረ ይዞት መጣ። ልጆቹ ከፍተው አይተው «ከማን ጋር እንጫወታለን?» ብለው እንደዘጉት በሐዘን ነገረን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው ሆነ።

ዋናው ክርክር የተነሣው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሱቁ ባዶ ነበር። ወዳጄ ዋጋውን ዳግመኛ በግማሽ እንደሚቆርጥ፣ ማዶኛውን ይህ ካላስደነገጠው ምንም እንደማያስደነግጠው ተናገረ። ልጅቱ ያጸዳችበትን ጨርቅ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቁጣዎን ለኋላ ያቆዩልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሬዲዮ ሲሸጡ፣ ጎረቤቴ የገዛው የትኛውን ነው ብሎ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ምን አግብቶት ይጠይቃል? የትኛውን ቢገዛ ያው ጣቢያ ነው የሚገባለት።»

«ስለዚህ የረከሰውን ይወስዳል።»

«እንዴታ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በዚህ አይደል?»

«የጌም ማሽን ግን እንደ ሬዲዮ አይደለም ጋሼ። ነጩ የነጩን ጌም ብቻ ያጫውታል፤ ጥቁሩም የጥቁሩን። የሰፈሩ ልጆች ሁሉም ጥቁሩን ይዘው፣ እያንዳንዱ ከየቤቱ በኢንተርኔት ተገናኝቶ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል። አንድ ልጅ ነጩን ገዛ ማለት፣ ጓደኞቹ እዚያ ሲጫወቱ እሱ ለብቻው ሌላ ሜዳ ላይ ቆመ ማለት ነው። ባዶ ሜዳ በነፃ ቢሰጡትስ ምን ይሠራበታል?»

ወዳጄ ወደ እኔ ተመለከተ። መምህር ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ቅናሹ ብቻውን ካልበቃ ምራቂው ለምን አልሳበም፣ ሰው በነፃ ሲሰጡት እንዴት ይጠላል ስል ጠየቅኋት።

«መምህር፣ ሰው ምራቂ የሚወደው ዋናውን ከወደደ ነው» አለች። «ቲማቲም ሊገዛ የመጣ ሰው አንድ ሲጨመርለት ደስ ይለዋል። ቲማቲም የማይፈልገው ግን ሲጨመርለት ሸክም ይሆንበታል። እኛ ደግሞ የጨመርንለት ራሳችን የሰለቸነውን ነው። የማይሸጠውን ከማይሸጠው ጋር ስናስረው ሁለት ሸክም ሆነ።»

እውነቱን ልናገር። ይህን ስሰማ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ጆሮዬ ጋለ። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ በወዳጄ ፊት ስታርመኝ፣ ከዚህ በኋላ ምክር የሚጠየቀው ማን ይሆን ብዬ ቀናሁ። ወዳጄን በማዶኛው ይቀናል እያልኩ ሳማው የከረምኩት ሰውዬ፣ ከእርሱ የተሻልኩ እንዳልሆንኩ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ብየዳ ያስተማረው ወዳጄ በማዶኛው፣ እኔ መካሪውም በተማሪዬ የምንቀና ከሆነ፣ በሽታው የነጋዴ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። ዓይኗን አልሰበረችም። ከማዶ ነው አለች። ሦስት ቅዳሜ በምሳ ሰዓቷ ተሻግራ፣ ማዶኛውን አስፈቅዳ፣ ጥግ ላይ ቆማ ሰው ምን እያለ እንደሚገዛ አዳምጣለች። አንድም ሰው ገብቶ መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋ አልነበረም፤ የጓደኛዬ ጌም በዚህ ይሠራል ወይ ነው። ቀጥላም የደበቀችውን አወጣች። ማዶኛው ሥራ ሊሰጣት ጠይቋታል፤ እስከ ሰኞ ማታ መልስ ይጠብቃል።

ወዳጄ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ ድምፁ ግን ዝቅ አለ።

«ደንበኛዬን ወሰደ። አሁን ደግሞ ልጄን» አለ።

የእህቴ ልጅ እንጂ ልጄ ብሎ ሲጠራት ሰምቼው አላውቅም። እሷም ሰምታው የምታውቅ አልመሰለኝም፤ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ የማይረባ ነገር ከመደርደሪያው አነሣችና መለሰችው።

«ማንም አልወሰደኝም፤ ይኸው እዚህ ነኝ» አለች። «ግን ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ዓመት የሠሩት ለደንበኛ አይደለም። ዕቃውን ያመጡት ማዶኛውን ለማናደድ ነው። ዋጋውን የቀነሱትም እሱን ለማስደንገጥ። እሱ ደግሞ ዞር ብሎም አላየን። ነጩን የገዙን ሰዎች እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ? ከመካከላቸው አንዱን ይንገሩኝ።»

አሰበ፤ ካማረሩት ከሁለቱ በቀር አንድም አላስታወሰም። ከማዶ የገቡትን ሠላሳ አንድ ሰዎች ግን በልብሳቸው ሳይቀር ሊነግራት ይችል ነበር።

እሷ ለገዢዎቹ ሁሉ ደውላለች። የገዙት ሃያ ሦስት ናቸው። ለወጣት ልጅ የተገዛው ሁሉ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ደስ ብሏቸው ያገኘቻቸው ግን አሉ፤ አራት ልጆችና አንድ ቴሌቪዥን ያላት እናት፣ የሽማግሌዎች መዋያ ቤት፣ እና የታመመ እጅና እግር የምታሠራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። ወዳጄ ዕቃው ሞቷል ወይስ አልሞተም፣ ቁርጡን እንድትነግረው ጠየቃት። አልሞተም፣ ሰፈር ተሳስቶ ነው የቆመው አለችው። አላመናትም። ሰኞ ጠዋት ግን ከእሷ ጋር ሄዶ በዓይኑ ሊያይ ተስማማ፤ እኔም ሳልጋበዝ ተከተልኳቸው።

የባለሙያዋ ክፍል በአንድ ፎቅ ምድር ቤት ነው። በግድግዳው ላይ የጎማ ገመዶች ተሰቅለዋል፤ መሐል ወለሉ ላይ ለመራመድ የሚደገፉባቸው ሁለት ብረቶች ቆመዋል። ከጥጉ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ቆመው ነጩን ጆይስቲክ ጨብጠዋል። ከስድስት ወር በፊት ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ እጃቸው ሰንፏል። አጠገባቸው ምራታቸው አለች። ጨዋታው ኳስ አንከባሎ ከሩቅ የቆሙ እንጨቶችን መጣል ነው፤ የነጩ ጆይስቲክ የእጅን እንቅስቃሴ ስለሚከተል ክንድን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት መወርወር ይጠይቃል። ምራቲቱ ዘጠኝ ጣለች። አዛውንቱ ሰባት ጣሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ፤ መስመር ረግጣለች ብለው ከሰሷት።

ባለሙያዋ ወደ እኛ ጠጋ ብላ አጫወተችን። እኚህ ሰው በፊት ክንዳቸውን አሥር ጊዜ ያንሡ ቢባሉ በስድስተኛው ደከመኝ ብለው ይቀመጡ ነበር። አሁን በምራታቸው ላለመበለጥ ሲሉ አርባ ጊዜ ይወረውራሉ፤ በቀደም ለት በዚያው እጃቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆልፈዋል። ሦስት የሕመምተኛ ቤተሰቦች ማሽኑን ለቤታቸው ሊገዙ ፈልገው፣ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ጆይስቲክ አንድ ብቻ ስለሆነና ሌላውን ለብቻ መግዛት ስለከበዳቸው እንደተዉት ጨምራ ነገረችን። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ።

አዛውንቱ ሲያርፉ ወዳጄ ቀረበና ዋጋው ቢረክስ ለቤታቸው ይገዙት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የዋጋውን ነገር ልጄን ጠይቀው» አሉት። «እኔ የምፈልገው እሷ ሳታየኝ የምለማመድበት ነው።»

ወዳጄ ሳቀ። ከወራት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያም አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆመ። ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው ነውና፣ ሰው ዕቃን ሲፈልግ ዓይኑ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ያንን ዓይን በነጩ ማሽን ላይ አይቶት አያውቅም ነበር።

ስንመለስ በእግራችን ነበር። ልጅቱ ከመሐላችን እየሄደች ነገሩን አጠቃለለችልን። «ቅናሽም ጥቅልም ጥፋት የለባቸውም። ሊገዛ ፈልጎ የመጣን ሰው ከደጃፍ የሚመልስ እንቅፋት አለ፤ እሱን ካነሡ ይሠራሉ። መፈለግን ግን አይፈጥሩም። እኛ እንቅፋቱ ምን እንደሆነ ሳናይ ዋጋውን ቆረጥነው።» ለወጣቶች ቢባል ግማሽ ዋጋም አይበቃም፤ ለነዚህ ቤተሰቦች ግን አራት ጆይስቲክ ያለው ጥቅል ከሆነ አሁን ያለው ዋጋ በቂ ነው፣ ከዚህ በታችም መውረድ የለበትም አለች።

ወዳጄ ለማዶኛው ምን እንደምትለው ጠየቃት። እሷም እሱ ምን እንድትለው እንደሚፈልግ መልሳ ጠየቀችው።

«እሱ ጋ ደመወዙ ይሻልሻል፤ ይህን አልክድም» አለ። «እኔ ጋ ብትቀሪ ግን ሥራውን የምትመሪው አንቺ ነሽ። እኔ ከኋላ ክፍል ሬዲዮዬን እጠግናለሁ። ስጠራ እመጣለሁ።»

ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ መንገዱን ተሻገረች። ማዶኛውን አመስግና፣ እንደማትመጣ ነግራው ስትመለስ አምስት ደቂቃ አልሞላትም። ወዳጄ በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ቀዩን ማስታወቂያ ከመስተዋቱ ላይ በጥፍሩ ፍቆ አንሥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ዋጋው በቅናሹ ጸና፤ ከዚህ በታች እንደማይወርድ በሩ ላይ ተጻፈ፣ የሚጠብቀውም ሰው መጠበቁን ተወ። በሙሉ ዋጋ ገዝተው ለነበሩት ሁሉ ተጨማሪ ጆይስቲክ በነፃ ተላከላቸው። ያቺ ቂል ነኝ ያለችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ማሽኑን ልትመልስ ከእህቷ ጋር መጥታ፣ ለእህቷ ሌላ ገዝታ ወጣች። የባቡሩና የቼዙ ጌም ከጥቅሉ ወጡ፤ በምትካቸው እንጨት የሚጣልበትና ቤተሰብ በአንድ ስክሪን ላይ ለአራት የሚጫወተው ገባ። በሱቁ መግቢያ የነበረው የካርቶን ቁልል ወደ ኋላ ተወስዶ ሶፋና ቴሌቪዥን ተቀመጠ፤ የገባ ሰው ተቀምጦ ይሞክራል። በአምስት ወር ውስጥ ጣሪያ የነካው ቁልል እስከ ወገብ ወረደ፤ ወዳጄም በጥንቃቄ፣ ጥቂት ብቻ፣ ድጋሚ አዘዘ። ነጩ ጥቁሩን አልበለጠውም። ማዶኛው ዛሬም አራት ሲሸጥ እኛ አንድ እንሸጣለን። ፋብሪካው በሌላው ዓለም ይዳን አይዳን እኔ አላውቅም፤ በአንድ መንገድ ዳር ባለ በአንድ ሱቅ ግን ዕቃው ሰዉን አገኘ።

አንባቢዬ ንግድ ባይኖረውም ከዚህ የሚወስደው አያጣም። ዋጋ መቀነስ ቀላል ነው፤ ቀዩን ብዕር ማንሣት ብቻ ይበቃል። ሰው ለምን እንደማይፈልገን መጠየቅ ነው የሚከብደው፤ ምክንያቱም መልሱ ስለ እኛ ነው። ቀናተኛ ደግሞ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ሰው ደጅ ነውና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ወዳጄ ሊጥል የነበረው ካርቶን ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛ ገባች። ነጩ እንደሚረክስ ሰምታ ነው የመጣችው፤ የታሰረውን ጥቅል አይታ ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች። የእህቱ ልጅ ሌላ ሰው እያስተናገደች ስለነበር ወዳጄ ከኋላ ክፍል የብየዳ ብረቱን አስቀምጦ መጣና ልጅቷን ጓደኞቿ የሚጫወቱት በየትኛው እንደሆነ ጠየቃት። በጥቁሩ ነው አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ።

«እመቤት፣ ይህን ገዝተው ቢሄዱ ልጅዎ አትነካውም» አላት እናትየውን። «የእሷ ማዶ ነው ያለው። ይሻገሩና እኔ እንደላክሁዎ ይንገሩት።» ከዚያም የማዶኛውን ስም፣ ከነአባቱ፣ አስተካክሎ ጠርቶ ነገራት።

እናትና ልጅ ሲሻገሩ በመስተዋቱ እያየ ቆመ። አላመመህም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እንዴት አያመኝ» አለኝና፣ ሶፋው ላይ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሲሟገቱ ለቆዩት ባልና ሚስት አራተኛውን ጆይስቲክ ሊያቀብላቸው ሄደ።